እኔ ሳላየው አይውጣ

ሊየን ለሊዑል መጀመሪያ የተናገረችው ነገር የፍቅር ቃል አልነበረም። ቁጣ ነበር።

«እኔ ሳላየው ከዚህ ክፍል የሚወጣ መድኃኒት የለም።»

ጊዜው በፈረንጆቹ 2006፣ መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ቦታው ዴንቨር ውስጥ ያለ የአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ ፋርማሲው። ሊዑል እዚያ በቴክኒሻንነት ከተቀጠረ አራተኛ ቀኑ ነበር። ሥራው መድኃኒቱን ከመደርደሪያ እያወረደ፣ እየለካ፣ በየሕመምተኛው ስም ትሪ ላይ ማሰናዳት ነው። የተሰናዳውን ፋርማሲስቷ አንድ በአንድ አይታ ትፈርማለች፤ እሷ ሳትፈርም አንዲት ክኒን ከክፍሉ ንቅንቅ አትልም። ያን ዕለት ግን ነርሶቹ በስልክ ወጥረው ያዙትና አንዱን ትሪ ሳያስፈርም ይዞ ሊፍት ውስጥ ገባ። በሩ ሊዘጋ ሲል አንዲት ቀጭን እጅ መሃል ገባች።

ሊዑል የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ነው። አገር ቤት እያለ ኬሚስትሪ አስተምሯል፤ በስድሳ ተማሪ ፊት ቆሞ የሚቆጣው እሱ ነበር። አሁን ከትከሻው በታች የምትደርስ ሴት፣ ነጭ ጋዋኗን እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ ትሪውን ከእጁ ተቀበለችና በእስክሪብቶ ጫፍ አንድ ብልቃጥ አሳየችው።

«ይሄ የአዋቂ መጠን ነው። ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነው።»

ሊዑል የብልቃጡን ጽሑፍ ራሱ አነበበው። የሊፍቱን ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

«ስህተቱን ሪፖርት አደርጋለሁ፤ ግዴታዬ ነው» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «በሰው ፊት ግን አላሳፍርህም።»

የሌላው ሰው ፍቅር ከፈገግታ ይጀምር ይሆናል። የሊዑል የጀመረው ከድንጋጤ ነው። አንድ ሳምንት ፈራት፤ አንድ ወር አከበራት፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን እሱም በውል አያውቀውም። ብቻ ጠዋት ጠዋት ጋዋኗን ስትለብስ ካላያት ቀኑ የጎደለ ይመስለው ጀመር።

ሊየን የቬትናም ተወላጅ ናት፤ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው። አባቷ አቶ ሁንግ፣ ሐበሾቹ በኋላ እንዲህ እያሉ ነው የጠሯቸው፣ በአገራቸው ጦርነት በተሸነፈው ወገን የጦር መኮንን ነበሩ። ሰባት ዓመት ታስረው ወጥተው፣ ሚስታቸውንና አንድ ልጃቸውን ይዘው ኮሎራዶ ሲገቡ ሊየን ገና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። አባት ቢሮ እያጸዱ፣ እናት ልብስ እየሰፉ ልጅቷን አስተማሩ። እሷም አላሳፈረቻቸውም፤ በፋርማሲ ዶክትሬቷን ይዛ አሁን አሥራ አንድ ሰው ታዛለች። ሦስቱም አውሮራ ውስጥ የሚኖሩበትን ቤት የገዛችው እሷ ናት። ቤት ውስጥ ግን ይህ ሁሉ አንዲት ጎዶሎ አልሞላም። ሊየን አላገባችም።

ሊዑል ይህን የሰማው በምሳ ሰዓት ነው። ረቡዕና ዓርብ ሽሮውን ይዞ ጥግ ሲቀመጥ እያየች ቆይታ አንድ ቀን ትሪዋን ይዛ መጣችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ሁልጊዜ ሥጋ አትበላም?»

«ረቡዕና ዓርብ አልበላም። ጾም ነው።»

«እናቴም በወር ሁለት ቀን አትበላም። ጨረቃ ስትወለድና ስትሞላ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ምሳ ሰዓት ከደረሰልኝ የተገኘውን ነው የምበላው» ብላ ሳቀች። ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች። ሊዑል ያቺን እጅ በሊፍቱ በር መሃል ያያት ጊዜ ትዝ አለው።

ከዚያ ወዲህ ምሳ አብረው መብላት ልማድ ሆነ። አንድ ሰኞ፣ «ቅዳሜ እንዴት አለፈ?» አላት።

«እንግዳ ነበረን። የጥርስ ሐኪም፣ ከካሊፎርኒያ።»

«ጥርስሽን አሞሽ ነው?»

«የመጣው ለጥርሴ አይደለም። ለእኔ ነው።»

ሊዑል ሹካውን አስቀመጠ። ሊየን የብርቱካኗን ልጣጭ በጥንቃቄ እየላጠች፣ ቀና ሳትል ቀጠለች። «አራተኛው ነው ዘንድሮ። እኔ ፍራፍሬ እቆርጣለሁ፣ ሻይ አቀርባለሁ፣ ጥግ ላይ እቀመጣለሁ። እነሱ ያወራሉ። የሚያወሩት ስለ እኔ ነው፤ ወደ እኔ ግን አያዩም። በቀደም አንዷ ሴትዮ እናቴን ‹ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ቆዳዋ ግን ጥሩ ነው› አለቻት። እዚያው ተቀምጬ።»

«ምን አልሻት?»

«ሻይ ጨመርኩላት።»

ሊዑል ሊስቅ ብሎ ፊቷን አየና ተወው።

ታኅሣሥ ላይ ያ ትልቁ በረዶ ጣለ። ሁለት ቀን ሙሉ ዴንቨር መንገዱ ሁሉ ተዘጋ፤ ቤቱ ያለው መምጣት አልቻለም፣ ሥራ ላይ ያለው መውጣት አልቻለም። አሥራ አንድ ሰው የሚሠራውን ሥራ አራት ሆነው ሠሩ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ትንሽ ፋታ ሲገኝ ሊየንና ሊዑል አምቡላንስ መግቢያው በር ላይ ቆመው በረዶ የዋጠውን የመኪና ማቆሚያ ያዩ ነበር።

«የእኔ መኪና የትኛዋ እንደሆነች አላውቅም» አለች።

«ያቺ ጉብ ያለችው ናት።»

«ሁሉም ጉብ ብለዋል እኮ።»

 ሊዑል ሻርፑን ፈትቶ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት። እጁን ሳይመልስ፣ «እወድሻለሁ» አላት። ለዚህ ቀን ያዘጋጀው ሌላ ብዙ ንግግር ነበረው፤ ሁሉም ጠፋበት።

ሊየን ሻርፑን አንገቷ ላይ ጠመጠመችው። «አውቃለሁ» አለች። «ከኅዳር ጀምሮ ትሪዎችህ ላይ አንድም ስህተት የለም።» ከዚያ ራሷን ቀስ ብላ ክንዱ ላይ አስደገፈች። 

«በእኛ አገር ወንዱ ሽማግሌ ይልካል» አላት ቆይቶ፣ እንደ ቀልድ። «ሦስት ትልልቅ ሰዎች አባትሽ ዘንድ ሄደው ይለምናሉ።»

ሊየን ከክንዱ ላይ ቀና አለች። «በእኛም ይላካል። ለዚህ ነው የምለምንህ፤ እንዳታደርገው። ሽማግሌዎች ሳሎን ተቀምጠው ስለ እኔ ሲያወሩ ዓመታት ሰምቻለሁ። እኔ ራሴ ሳሎኑ መሃል ቆሜ እነግራቸዋለሁ። በሕይወቴ አንድ ጊዜ፣ ከእኔ አፍ እንዲሰሙት እፈልጋለሁ። ቃል ግባልኝ።»

«ቃሌ ነው።»

ቃሉን የሰጣት ከልቡ ነበር። ይህ ይታወቅለት።

ጥር ገባ፤ አቶ ሁንግ ጉበታቸው ላይ ካንሰር ተገኘ። ሐኪሞቹ ከሰኔ አያልፉም አሉ። ሊየን የአዘቦቱን ሥራ ትታ አባቷን ማስታመም ጀመረች፤ ፋርማሲው የምትገባው እሁድ እሁድ ብቻ ሆነ። እሁድ ደግሞ ሊዑል ዕረፍቱ ነው። የስልክ ወሬያቸው እያጠረ ሄደ። «እናቴ ‹አባትሽ ሰርግሽን ሳያይ ይሞታል› እያለች ታለቅሳለች» አለችው አንድ ቀን። «የጥርስ ሐኪሙን ለአዲስ ዓመታችን ጠርታዋለች። አንተ ግን አትጨነቅ። ጊዜ ስጠኝ፤ እኔ አውቃለሁ።» ሌላ ነገር ሳትጨምር ስልኩን ዘጋችው።

አትጨነቅ የተባለ ሰው መቼም አይጨነቅም አይባልም። ሊዑል ፓርክ ሂል ከተከራየው ክፍል ወጥቶ ፒዮሪያ ስትሪት አክስቱ ዘንድ መመላለስ አበዛ። ወይዘሮ ፈትለወርቅ ወላጆቹ ከሞቱ ወዲህ ያሳደጉት የአባቱ እህት ናቸው፤ የሰው አሮጊት በየቤቱ እየዞሩ ይጦራሉ። ያን ቅዳሜ ቴሌቪዥኑን ድምፁን ዘግተው ልጁን ያዩት ጀመር።

«ልጅቷ ስልክህን አታነሳም?»

«ታነሳለች። ቢዚ ሆና ነው። አባቷን ለካንሰሩ ሕክምና፣ ለኪሞ፣ የምትወስደው እሷ ናት።»

«ያ የጥርስ ሐኪምስ?»

«በአዲስ ዓመታቸው ይመጣል።»

«መቼ ነው አዲስ ዓመታቸው?»

«በሁለት ሳምንት።»

ወይዘሮ ፈትለወርቅ ሪሞቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «አንተ ምን ነክቶሃል? ሰውዬው ሞት አፋፍ ላይ ናቸው። ልጄን ለማን ጥያት ልሄድ ነው ብለው እንቅልፍ የላቸውም። አንተ ደግሞ እንደ ሌባ በስልክ ታንሾካሹካለህ። ሰው የለህም? ወገን የለህም?»

«እንዳትልክ ብላኛለች፣ አክስቴ። ቃል አስገብታኛለች።»

«እና የትኛዋ ሴት ናት ሽማግሌ ላክልኝ ብላ የምትለምን? እኔም ነፍሱን ይማረውና ባሌ ሰው ልላክ ሲለኝ ‹እንዳታደርገው› ብዬዋለሁ። ሰምቶኝ ቢቀር ኖሮ መቃብሩ ላይም አልታረቀውም ነበር።»

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ቤት እንዲህ ያለው እምቢታ ጨዋነት ነው፤ እሺ ብላ የምትቸኩል ልጅ ትታማለች። ሊየን ግን እንዲህ ያለ ጨዋታ አታውቅም። እሷ አይውጣ ስትል አይውጣ ማለቷ እንደሆነ ሊዑል ከአራተኛ ቀኑ ጀምሮ፣ ከሊፍቱ በር ጀምሮ ያውቃል። ግን ፈርቶ ነበር፤ የፈራ ሰው ደግሞ መስማት የሚፈልገውን ሲነግሩት አይከራከርም። ሊነግራት ስልኩን አነሳ። ብነግራት እምቢ ትላለች ብሎ መልሶ አስቀመጠው። ከሁሉ የከፋው ይሄ ነው። እምቢ እንደምትል ያውቅ ነበር።

በማግስቱ እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሦስት ሰዎች ሙሉ ልብሳቸው ላይ ነጠላ ጣል አድርገው በአቶ መኮንን ታክሲ ሄዱ። አቶ መኮንን ወሬ የሚወዱ ባለታክሲ ናቸው። አቶ ተገኝ አሜሪካ ሃያ ዓመት የቆዩ ስለሆኑ ሊያስተረጉሙ ነው። አቶ ሀይለማርያም የቀድሞ ሻምበል፣ አሁን የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ፣ ከሦስቱ ዝምተኛው። ሊየን ያን ሰዓት ሆስፒታሉ ምድር ቤት የሌላ ቴክኒሻን ትሪ ላይ እየፈረመች ነበር።

ሊዑል አክስቱ ቤት ከሶፋ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ሶፋ ሲል ቆየ። ሦስቱ ሰዎች ተመልሰው ሲገቡ አቶ መኮንን ጫማቸውን ሳያወልቁ ጀመሩ።

«ተቀመጡ አሉን። ‹ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም› አልናቸው እንደ ወጉ። ተገኝ በእንግሊዝኛ ነገራቸው። ሰውዬው ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ‹እንግዳ ቆሞ እኔ አልቀመጥም› ብለው ከሶፋው ተነሱ። እግራቸው ይንቀጠቀጣል። ሀይለማርያም ዘሎ ደገፋቸውና ሁላችንም አንድ ላይ ቁጭ አልን። ወጉ እዚያ ላይ ፈረሰ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?» አሉ ወይዘሮ ፈትለወርቅ።

«ከዚያማ ነገሩ የሁለቱ ሆነ። ሀይለማርያምን አዩትና ‹ወታደር ነበርክ?› አሉት። ‹ሻምበል ነበርኩ።› ‹አሸነፍክ?› ‹ተሸነፍኩ።› ‹ታሰርክ?› ‹አራት ዓመት።› እጁን ያዙት። ከያዙት በኋላ አለቀቁትም፤ እኔ ስለ ልጁ ጠባይ ስናገር፣ ተገኝ ሲተረጉም፣ እጁን እንደያዙ ነው።»

«እሳቸው ሰባት ዓመት ናቸው» አሉ አቶ ሀይለማርያም፣ መሬት መሬት እያዩ።

«ቀጠሮ ይሰጡናል ብለን እንጠብቃለን። ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ ኑ፣ ዘመድ ላማክር፣ እንዲህ የሚባለውን። የለም። ተነሱና የሞቱት አባትና እናታቸው ፎቶ ያለበት መደርደሪያ ፊት ቆመው በቋንቋቸው ነገሯቸው። ሚስትየው አለቀሱ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው ‹እነዚህ ሰው ያላቸው ሰዎች ናቸው። ልጄን ሰጥቻችኋለሁ› አሉን።»

ወይዘሮ ፈትለወርቅ እልል ሲሉ የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ወለሉን ደበደበ። ሊዑል ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ አለቀሰ፤ በሕይወቱ እንደዚያ የተደሰተበት ቀን አልነበረም። እናት አባቱ ከሞቱ ወዲህ ሰው ቆሞለት ሲለምንለት የመጀመሪያው ነው። ደስታውን ሊነግራት ወደ ሊየን ደወለ። አላነሳችም። ደግሞ ደወለ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ራሷ መጣች። ሆስፒታሉ ማቆሚያ ውስጥ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ፣ ሞተሩን ሳታጠፋ ጠበቀችው። ሊዑል ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ዓይኗ አላበጠም፤ አላለቀሰችም። መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ፊት ለፊት ታያለች።

«ትናንት ቤት ስገባ አባቴ ጠረጴዛ ቀርቦ ሩዝ ይበላ ነበር። ከገና ወዲህ የመጀመሪያው ነው።»

«እንኳን ደስ...»

«ልጨርስ። ‹ሰው ላኩብን፤ ወግ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ እሺ ብያለሁ፤ ለአያቶችሽም ነግሬያቸዋለሁ› አለኝ። ገና ኮቴን አላወለቅኩም። እናቴ ከኋላዬ ቆማ ፀጉሬን ትዳብሳለች። ማን እንደሆነ እንኳ ቀድመው አልነገሩኝም። ‹ማን ነው?› ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ።»

«እኔ መሆኔን ስትሰሚ...»

«ሌላ ሰው ቢሆን እስቅ ነበር፣ ሊዑል። እነሱን እምቢ ማለት ለምጄዋለሁ። አንተ መሆንህን ስሰማ ነው የምይዘው የጠፋኝ።»

ሊዑል ብዙ ሊላት ነበር። ስለ አክስቱ፣ ስለ ጥርስ ሐኪሙ፣ ስለ ወጉ። የወጣው አንድ ቃል ብቻ ነው። «ፈራሁ።»

«አውቃለሁ። እኔም ፈርቼ ነበር፤ ግን እየተለማመድኩ ነበር። በአዲስ ዓመታችን ሦስተኛ ቀን ዘመድ ሁሉ ሳሎን ይሰበሰባል። ያ ሰውዬም ይኖራል። እዚያ ልናገር ነበር። መኪና ስነዳ ብቻዬን እለዋለሁ። አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ናት።»

«ምን የምትል?»

 መስታወቱ ላይ የቀረውን በረዶ በመጥረጊያው አንዴ አስጠረገችና አቆመችው።

«አባቴን አሁን እምቢ ብለው ይሰበራል። እሺ ብል ደግሞ እሺ ያልኩት እኔ አይደለሁም። ስለዚህ እሱ እስካለ ድረስ ትመጣለህ። እሁድ እሁድ። አጠገቡ ትቀመጣለህ፤ እኔም ሥራዬን ቀይሬ አጠገብህ እቀመጣለሁ። ከዚያ በኋላ እናያለን።»

ሊዑል የሰማው መጨረሻዋን ቃል ብቻ ነበር። እናያለን ካለች ተስፋ አለ ብሎ ያዘ።

የጥርስ ሐኪሙ እንዳይመጣ ተነገረው። ሊዑል ሦስት ወር ሙሉ እሁድ እሁድ ሄደ። አቶ ሁንግን ጢማቸውን ላጫቸው፣ አልጋ ላይ አዟዟራቸው። እሳቸው «ኮን» ይሉታል፤ በቋንቋቸው ልጄ ማለት ነው። አንዳንዴ አቶ ሀይለማርያም አብረው ይመጡና ሁለቱ ሽማግሌዎች ምንም ሳይነጋገሩ ቴሌቪዥን ላይ ኳስ ያያሉ። ሊየን ከሊዑል አጠገብ ትቀመጣለች፤ አባቷ ሲያዩ እጁን ትይዘዋለች፤ ብርቱካን ልጣ ግማሹን ትሰጠዋለች። ያየ ሁሉ እንዴት ያምራሉ ይል ነበር። በር ድረስ ስትሸኘው ግን እጇን ቀስ ብላ ታወጣለች፤ «ደህና ዋል» ትለዋለች፤ በሩን በቀስታ ትዘጋለች። አንድ ጊዜ በሩ ላይ፣ «ሊየን፣ ይቅር በይኝ» አላት። «ይቅር ብዬሃለሁ» አለችው። ፊቷ እውነቷን እንደሆነ ይናገራል። ያኔ ነው ሊዑል ከልቡ መፍራት የጀመረው።

አቶ ሁንግ በግንቦት መጀመሪያ ሞቱ። ከመሞታቸው በፊት በነበረው እሁድ የሁለቱን እጅ ብርድ ልብሱ ላይ አንድ ላይ አድርገው የእሳቸውን ደረቡበት። እጃቸው ክብደት አልነበረውም። ሊየን የዚያን ዕለት አለቀሰች፤ ሊዑል ለማን እንደምታለቅስ አልጠየቀም። ለቅሶው ላይ ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ወይዘሮ ፈትለወርቅ ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ፤ የቬትናም ሴቶች ግር ብሏቸው ቢያዩም፣ የሟች ሚስት መጥተው አቀፏቸው። አቶ ሀይለማርያም ከሬሳው ሳጥን አጠገብ ቀጥ ብለው ቆመው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡ።

በእነሱ ወግ ሐዘኑ አርባ ዘጠኝ ቀን ነው። ሃምሳኛው ቀን ላይ ሊየን ደወለች። ፓርክ ሂል አጠገብ ያለው ትልቁ መናፈሻ ውስጥ፣ ሐይቁ ዳር፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኛት። ሰኔ ነው፤ ሳሩ ላይ ሰዎች ልጆቻቸውን ያጫውታሉ። የበረዶው ቀን ያለበሳትን ሻርፕ አጥባ፣ አጥፋ፣ ጉልበቷ ላይ ይዛዋለች። ሊዑል ሻርፑን ሲያይ ሁሉንም አወቀ።

«ፖርትላንድ ሥራ አግኝቻለሁ» አለችው። «እናቴን ይዣት እሄዳለሁ። እህቷ እዚያ ናት።»

ሊዑል ተቀመጠ። ዳክዬዎቹን ያያል እንጂ የሚያየውን አያውቅም። ከዚያ ወደ እሷ ዞረና በዘጠኝ ወር ውስጥ አንድ ቀን ተናግሮት የማያውቀውን ቃል ተናገረ።

«ሊየን፣ ታገቢኛለሽ?»

አየችው። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አልጠረገችውም።

«እስከ ዛሬ አልጠየቅከኝም ነበር፤ ታውቃለህ?»

«አሁን ጠየቅኩሽ።»

«አዎ። አመሰግናለሁ።» ሻርፑን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «እወድሃለሁ። ይሄን ከእኔ ስማው፤ ማንም አልተናገረልኝም። ግን እሺ የሚለውን ቃል አባቴ ወስዶታል። ለአያቶቼ ነግሮ፣ ደስ ብሎት፣ ይዞት ተቀብሯል። ለእኔ የቀረችኝ እምቢ ናት። እሷን ለማንም አልሰጥም።»

«ስለዚህ እኔን ለመቅጣት ነው?»

«አይደለም። ጥሩ ባል እንደምትሆን አይቻለሁ፤ አባቴን ስታጥበው አይቻለሁ። ግን በተጣላን ቁጥር፣ በተደሰትንም ቁጥር፣ እዚህ ቤት የተሰጠሁ ነኝ ወይስ የመጣሁ እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ። መልሱን አንተም አታውቀውም፣ እኔም አላውቀውም። እንዲህ ሆኜ መኖር አልችልም።»

 «ያቺን ዓረፍተ ነገር ንገሪኝ» አላት። «ሳሎን ልትያት የነበረችውን።»

ሊየን ሻርፑን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ተነሳች። ቀሚሷን አስተካከለች። ዘመድ ሁሉ ፊት ለፊቷ የተቀመጠ ይመስል ቀጥ ብላ ቆመችና በቋንቋዋ ተናገረችው። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም፤ ብዙ የተለማመደችው ነገር ነው። ከዚያ ለእሱ እንዲገባው ደገመችው።

«ይህ ሊዑል ነው። እኔ ነኝ ያመጣሁት።»

 እስከ መኪናዋ ሸኛት። ስትሄድ መብራቱ ላይ ትንሽ ቆማ ነበር፤ አረንጓዴ ሲበራ ሄደች።

ሊዑል በቀጥታ ፒዮሪያ ስትሪት ሄደ። ወይዘሮ ፈትለወርቅ ታሪኩን ሰምተው አላመኑም።

«እንዴት? አባትየው እሺ ብለዋል እኮ።»

«ብለዋል።»

«እናትየውም ወደውሃል። ሽማግሌ በወጉ ሄዷል። በእጃቸው ነው የሰጡን። ታዲያ ምን ጎደለ?»

«እሷን አልጠየቅናትም፣ አክስቴ።»

ወይዘሮ ፈትለወርቅ ሪሞቱን አንስተው ቴሌቪዥኑን አጠፉት። ሁለቱም እስኪመሽ እዚያው ተቀመጡ።

በማግስቱ ሊዑል ሥራ ገባ። በሊየን ቦታ የተተካው ፋርማሲስት ስብሰባ ላይ ነበር። ሊዑል ትሪውን አሰናድቶ የሊየን በነበረው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና አጠገቡ ቆመ። ስልኩ ጮኸ፤ ከላይኛው ፎቅ አንዲት ነርስ ናት፤ የት ደረሰ ትላለች።

«ተዘጋጅቷል» አላት። «ግን ገና አልታየም። ሳይታይ አይወጣም።»

ስልኩን ዘግቶ መጠበቁን ቀጠለ።